«ነበራት»

ሄድቪግ መጽሐፍ ይዛ ከሱቄ ገባች ጧት፤
«እዚህ ውስጥ ያለውን ሥራልኝ ቀለበት።»
ፎርትስሃይም ዝናብ ነው። መዶሻዬን ትቼ፣
ባንድ ሌት ጨረስኩት መነጽር አጥልቼ።
ስስታም ደራሲ! የውሻዋን ስም ጽፎ፣
የጫማዋን ክር ጽፎ፣
ቀለበቷን ግን ሄዷል በአንዲት ቃል አልፎ፤
«ነበራት» ብሎ።

ቀሪውን እኔው ጻፍኩ፣ በመርፌ፣ በሰም ላይ፦
ያኮረፈች ለታ የነከሰችው ጠርዝ፣
ድንጋዩም ደብዛዛ እንደ ክረምት ወንዝ።
ሰሙ ቀልጦ ወጣ፣ ወርቁ ገባ በቦታው።
ከፈለች። አደረገችው።

በሳምንቱ መጣች፣ ጣቷ ባዶ ሆኖ፤
«ትናንት ጨረስኩት» አለች፣ «መጨረሻው ላይ…
ድልድዩ ላይ ቆማ…»

አውቅ ነበር።
ሁለት ሰም የቀረጽኩት ለዚሁ ነው፤
ወርቁ ኤንትስ ወንዝ ውስጥ፣
ሰሙ ከመሳቢያዬ።