የፊት ግራ

ቶልሜዞ ስገባ ሰላምታ አላውቅም፣
ዳቦ ልግዛ ብል አፌ አይታዘዝም፤
ጋራዡ ውስጥ ግን፣ ኦረስተ ከመኪና ሥር እጁን ዘርግቶ
"ካቻቢቴ" ሲለኝ፣ ደግሞ "ክሪክ"፣ "ቡሎን"፣ "ዳዶ"፣
አንድ በአንድ፣ ሳልሳሳት፣ አነሳሁ፣ አቀበልሁ።
አየኝ በድንጋጤ፤ እኔም እኩል ደነገጥሁ፤
ሶማሌ ተራ ላይ አማርኛ ብዬ የተማርሁት ሁሉ
ከነባለቤቱ እዚህ ተገኘ በሙሉ።

ኢዞሊና መጣች በኅዳር መጨረሻ፣
ነጭ ፒክአፕ ይዛ፣ የድርቆሽ ማመላለሻ።
"የፊት ግራው ይዟል፤ ቸርኬው እሳት ሆኗል፣
መሪውን ብለቀው ወደ ገደል ያያል።"
ፈታሁት። ካሊፐሩ ላይ ዝገት ተለጥፏል።
እዚህ አገር በረዶ ሲጥል መንገድ ጨው ይጠጣል፤
"ጨው ነው" አልን፣ እኔም ኦረስተም፤ ጨው ያልበላው ምን አለ?
አዲስ ካሊፐር ገባ፣ ሒሳቡም ተከፈለ፣
ከብስኩት ቆርቆሮ፣ አምስት አምስት ዩሮ እየተነጠለ።

በጥር ተመለሰች፤ ያው እግር፣ ያው ሽታ፣
ሳይረግጡት የሚይዝ፣ ቢለቁት የማይፈታ።
ፒኖቹን አወጣሁ፣ በብሩሽ ፈተግሁ፣
ግራሶ ቀባሁ፣ ሸራውን ቀየርሁ፣
ማስተንፈሻዋን ከፍቼ ፒስተኑን ብገፋው፣ ሳያንገራግር ገባልኝ።
መጠርጠር ያለብኝ ያኔ ነበር፤ እጄ ቀደመኝ።

መጋቢት ላይ ደግሞ፣ ቁልቁለቱን ስትወርድ፣
ጎማው ሥር ሲጨስ አይታ ቆመች፤ በረዶ በአካፋ
ዝቃ ደፋችበት፣ ብረቱ እንደ ድመት እስኪተፋ።
ስትደርስ አልተቆጣችም። ያ ነው የከበደኝ።
ብትሰድበኝ ኖሮ፣ ቋንቋው ባይገባኝም፣ መልስ አይቸግረኝ፤
ቁልፉን ብቻ እጄ ላይ አኖረች በዝግታ፣
የተኛ ሕፃን ለሰው እንደሚያስረክብ ወላጅ፣ ማታ።

ኦረስተ "ሌላ ካሊፐር" አለ። "ቆይ" አልሁት፣
"እግሩ እንደያዘ ነው፤ ሳይለቅ ልጠይቀው፣ አትንኩት።"

ጋሽ ወርዶፋ ነበር፣ ከጎሚኒ ሻጮቹ ጀርባ፣
ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ጆሮውን የሚያስገባ፤
"እግር ሲያዝ" ይል ነበር፣ "እግሩን አትምታው፤
ማን እንደያዘው ጠይቅ መጀመሪያ፤ ከዚያ ፍታው።"

ማስተንፈሻዋን ሩብ ዙር ፈታሁ።
ዘይቱ ፊጭ አለ። እግሩ በአንድ ጣት ዞረ።
እንግዲያ ካሊፐሩ አይደለም የያዘው፤ ዘይት ነው፣ መውጫ አጥቶ የቀረ።
መልሼ ዘጋሁ። "ርገጪ" አልኋት። ረገጠች። ለቀቀች። ያዘ፣ እንደነበረ።
አሁን ከላይ ፈታሁ፣ ብረቱ ከላስቲኩ ቱቦ የሚጋባበትን፤
ጠብ ብቻ አለ። እግሩ ግን አልሰማም ከላይ የሆነውን።

በላይና በታች መካከል ያ ላስቲክ ብቻ ነው፣
አንድ ስንዝር ተኩል፣ ስንጥቅ የለው፣ ቢያዩት ጤነኛ ነው።
በቢላ ተረተርሁት፤ ውስጡ አብጦ ተጣብቋል፣ መርፌ አያሳልፍም፤
ሲረግጡት ዘይቱ በግድ ይገባል፣ ሊመለስ ግን ጉልበት የለውም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤
እዚህ ግን የደበቀው ቱቦው፣ መድኃኒት የተጋተው ጎረቤቱ ሆኗል።
ከውራጅ በርሜሉ የኅዳሩን ካሊፐር ፈልጌ አወጣሁ፤
በአየር ነፋሁት፣ ፒስተኑ ወጣ፤ ገፋሁት፣ ገባ። አፈርሁ።

የቱቦው ዋጋ ዐሥራ አንድ ዩሮ ነው።
ኦረስተ መሳቢያውን ከፍቶ የኅዳርን ገንዘብ ቆጥሮ መለሰው፤
ግማሹ ከእኔ ደመወዝ እንደሚቆረጥ በዐይኑ ነገረኝ፤ አልተከራከርሁም።
ኢዞሊና የተረፈውን ቁራጭ ወደ መስኮቱ አንሥታ አጮለቀች፤ ብርሃን የለም።
በሸለቆዋ ቋንቋ አንድ ነገር አለች፤ ኦረስተ ሳቀ፣
እስከ ዛሬ ግን አልተረጎመልኝም።

ሞተሩን አስነሥታ፣ ልትወጣ ስትል፣
መስታወቱን ዝቅ አደረገች።
"ቀኙስ?" አለችኝ። "እኩያው አይደል?"

ረስቼው ነበር።
ክሪኩን እየጎተትሁ ዞርሁ።