የቀኛዝማች ቀፎ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ አርባ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍቱ በፕላን ላይ የቀረ፣ ውኃው ረቡዕ ብቻ የሚፈልቅ፤
ማተሚያ ቤቴ ይኸው፤
ቀለም አይሸት፣ መኪና የለው።
ያለው ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ፣ በላስቲክ የታሠረ ስልክ፣
እሱም ገጽ ሲያነሳ የአውራ ጣቴን ጥላ ጨምሮ የሚልክ።

ሃያ ሁለት ዓመት እርማት አነበብኩ፣ የሰው ግድፈት ስለቅም፤
ድርጅቱ ሲዘጋ የሰጠኝ ደብዳቤ ሦስት ስሕተት ነበረው፤
አላረምኩትም።

አንድ ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ፣ አደባባዩን አለፍ ብሎ፣
ሸራ ላይ፣ ከቻርጀርና ከካልሲ ጋር ተደባልቆ ውሎ፣
አይጥ ጠርዙን የቀመሰው፣ ሽፋኑን ጊዜ የላሰው፣
የንብ መጽሐፍ አገኘሁ።
ስድሳ ብር አለኝ ሻጩ፤ ከኔ በቀር አልነካውም ሰው።

ደራሲው ቀኛዝማች ዘለለው፤ ቀፎ አሰቃቀል፣ ጭስ አያያዝ፣
መቼ እንደሚቆረጥ፣ ለንቦቹ ስንት እንደሚተው፣
ይህን ሁሉ ጽፈዋል፣ በአባት ትእዛዝ።
መቼ ሞቱ ብዬ ደወልኩ፤ ባገራቸው አንድ ቄስ ተገኘ፤
«ኅዳር፣ ሃምሳ ስምንት» አለኝ፣
በልጅነቱ ቀብራቸው ላይ ንፍሮ ያገኘ።

ሕጉም እንዲህ ነው፦ ደራሲ ከሞተ ሃምሳ ዓመት ሲያልፍ
የማንም ነው፣ የሁሉም ነው መጽሐፍ።
ጎረቤቴ ብርዛፍ ደረጃ ላይ ጀሪካኗን አሳርፋ፣
«የሙት ቀፎ ልትቆርጪ ነው?» አለች፤ ቀልዷ ነው፤
ሌሊቱን ግን እንቅልፌ ጠፋ።

ፕሮግራሙ ፊደል ይለቅማል፤ እንደ ቄስ ተማሪ ይስታል፤
«ሰምና ማር» ያሉትን ቀኛዝማች «ለምና ማር» ይለዋል።
ሳቄ መጣ፤ ቆይቶ ግን ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ፤
የባንኩን ዕዳ ቀን ቆጥሬ «ማረኝ» የምል መሆኔን
ማን ለማሽኑ ነገረ?

መብራት ሲሄድ በእጅ ነው፤ ቃል በቃል፣ በስልክ ጨረር፤
ከታች ሲኖትራክ አሸዋ ሲደፋ፣ የመስኮቱ መስታወት ሲዘምር።
ገጽ ሠላሳ፦ «ቀፎህን አበባ ባለበት ስቀል» ይላል፤
ወደ ውጭ አየሁ፤ ብሎኬት እስከ አድማስ አብቧል።

መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ፣ በወይን ጠጅ ቀለም፣ የማላውቀው እጅ፦
«የሰረቀው፣ የፋቀው፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ይወገዝ፣ ከነልጅ ልጅ።»
ሁለቴ አነበብኩት፤ የእርማት ዓይን ነው፣ ልማዴ፤
የሰረቀው ይላል፣ የፋቀው ይላል፤
የገለበጠው የሚል የለም፤ ቀለለ ሆዴ።
ውግዘቱንም ጻፍኩት፣ ሳይጎድል፣ ከነነጠላ ሰረዙ።
ዋጋው አርባ ብር። ሦስት ቀን ዝም፤ በአራተኛው ስልኬ ጮኸ፤
ጀመሩ ሊገዙ።

አሥራ አንድ ሰው በወር። አራት መቶ አርባ ብር።
የኢንተርኔት ጥቅሉ ብቻ አምስት መቶ፤
ቢሆንም ገንዘብ ነው፤ ከሙት የተገኘ ብድር።

ከዚያ አንዱ መጣ፤ የኔኑ ፋይል፣ በሃያ ብር፣ በራሱ ሽፋን፤
«ሌባ!» ብዬ ሦስት ፎቅ ወረድኩ፣ ሳልቀይር የቤት ጫማዬን።
የት ልከስ? በየትኛው ሕግ? ብርዛፍ ውኃ ይዛ ስትወጣ
ቀልዷን እንዳትደግመው ፈርቼ ግድግዳ ያዝኩ፤
ወይ ጣጣ።

የኔ መሆኑን ያወቅሁት ገጽ ስድሳ አንድ ላይ ነው፤
ሁሉን አርሜ አንዷ ቀርታለች፤ «ለምና ማር» እንዳለች፣
እሱም ሳያነብ ሸጠው።
ረስቻት ይሁን ትቻት፣ እስካሁን ለራሴ አልነገርኩም።
ቀኛዝማች፣ እርስዎስ ቢያዩ? ንብ አበባ ስትቀስም
«ያንቺ አይደለም» የሚላት የለም፤ አበባውም አይጎድልም፤
ማሩ ግን…
ይህን ሐሳብ አልጨረስኩም።

ማታ ተቀምጬ ለሰውየው ጻፍኩለት፤ ስድብ አይደለም፦
«ገጽ ስድሳ አንድ፣ መስመር ዘጠኝ፤ ‹ለምና› የሚለው ‹ሰምና› ይባል።»
ሌላ አልጨመርኩም።
እሱም አመሰግናለሁ አላለ።
ጠዋት ባየው፣ ታርሟል።