ንፍሮ ድምፅ የለውም

በልጉ ዘንድሮም ቀረ።
ደመናው በአምባሰል ራስ ላይ ዞሮ ዞሮ፥
እንደ ተቀየመ እንግዳ
ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ተሻገረ።

እኔም ጋሪ ጠራሁ።
ሁለት ኩንታል ማሽላ፥ አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኜ
ከሐይቅ ገበያ በጓሮ በር አስገባሁ፥
በጠራራ ፀሐይ ተከናንቤ፥ እንደ ሌባ ተሸፍኜ።
ሙሄ ሣቀብኝ፤
«ሱቅ ልትከፍቺ ነው ወይስ ጦር መጣ አሉሽ?»

የሚያሳስበኝ ማሽላው ነው።
ጤፍ አይነቅዝም፤ እንደ ጨዋ ምስክር
ዓመት ቢያልፈውም ቃሉ ያው ነው።
ማሽላውን ግን በአመድ አሸሁት፥
የደረቀ የኒም ቅጠል መሃል መሃሉን አለበስኩት።
የዘይት ጄሪካን በፍል ውሃ አጥቤ
ባቄላውን ለብቻ፥ ሽምብራውን ለብቻ ሞላሁ፤
ክዳናቸውን በሻማ አትሜ
የገቡበትን ቀን በከሰል ጻፍኩ።

ጓሮውም አላረፈ።
ከጋራዥ በለመንኩት ጎማ ውስጥ ቆስጣው፥
በቀለም ቆርቆሮ ቃሪያው፥
በተሰነጠቀ ባልዲ ሽንኩርቱ።
የዕቃ እጣቢ አይደፋም፤ የዉዱእ ውሃም ሳይቀር
ወደ ጎመኑ ነው መንገዱ።
ዱባው ደግሞ ማንንም አልጠበቀ፤
የሽንት ቤቱን ጣሪያ ወጥቶ
ወሬ እንደ ናፈቀው ሽማግሌ
በአጥሩ አናት አንገቱን አሰገገ።

ሙሄ የደሴ ልጅ ነው፤ ሰባ ሰባትን በወሬ ነው የሚያውቀው።
እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፥
ከቢስቲማ ዝቅ ብሎ ባለች መንደር
ጉድጓድ አፍ ላይ የምተኛ።
አባቴ ማሽላ ቀብሮ ነበር፥ ከመደባችን ሥር፤
አፉን በጭቃ መርጎ፥ ጭድ ነስንሶ፥ ቁርበት አልብሶ
ለማንም እንዳንናገር አስምሎን።

እናቴ አትፈጭም ነበር። ወፍጮ ይጮኻል።
አትቆላም። ቆሎ ይንጣጣል፥ ሽታው አጥር ይዘላል።
ሌሊት፥ ውሻው እንኳ ዝም ሲል፥
ድስቱን እፍን አድርጋ ትቀቅልና
በጨለማ እፍኝ እፍኝ ታቀብለናለች።
«ንፍሮ ድምፅ የለውም» ትላለች።

ከግድግዳው ወዲያ እነ እንጉዳይ ነበሩ።
ጭቃው ስንጥቅ ነበረው፤ እኔና እሷ
ቀን ቀን በዚያ ስንጥቅ ገለባ እየተላላክን
እንጫወት ነበር፤ የሳበ ያሸንፋል።
አንድ ሌሊት ገለባው መጣ።
ወደ ላይ፥ ወደ ታች፥ ተነቃነቀ።
አፌ ሙሉ ነበር።
እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩ፥
እስኪቆም ድረስ አየሁት።

በሦስተኛው ቀን ሰዎች ገቡ፤
በነጠላ የተጠቀለለ፥ እንደ ችቦ የቀለለ ነገር ይዘው ወጡ።
አባቴ አብሯቸው ሄደ፥ ሊቆፍር።
መሬት የሚያውቅ እጅ ነበረው።

እንግዲህ ሙሄ ጓዳ ገብቶ
«ምን ትቆጥሪያለሽ?» ሲለኝ ምን ልበለው?
ለእኔ፥ ለእሱ፥ ለሦስቱ ልጆች፥ በቀን ይህን ያህል ጣሳ፤
ደምሬ፥ አባዝቼ፥ ደግሜ ሳሰላው
ሁልጊዜ ስድስት እንሆናለን።

ትናንት የይታይሽ ልጅ መጣች፥
ከጀርባችን የተከራዩት፥ ከቆቦ በኩል የተፈናቀሉት።
የሻይ ብርጭቆ ይዛለች።
ልቤ ወደ ጓዳው ሮጦ በሩን ዘጋ፤
እሷ ግን «እማዬ የዱባ ፍሬ ስጪኝ ብላለች፥
እኛም ጋ አፈር አለ» አለች።

አሥራ ሁለት ፍሬ ቆጠርኩላት።
ብርጭቆው ሳይሞላ ቀረ፥ ዓይኔም አላየውም አለ።
ከዚያ፥ ምን እንደ ነካኝ እንጃ፥
የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ
በጠራራ ፀሐይ ማሽላ ቆላሁ።
ተንጣጣ። ፈነዳ። ሦስት ቤት ተሻግሮ ተሰማ።
«ሠፈሩ ሁሉ ቆሎ ቆሎ ሸተተ» አለ ሙሄ ሲገባ።
ይሽተት፥ አልኩ።

ሌሊት ግን ተነሣሁ፤
በባዶ እግሬ፥ መብራት ሳላበራ፥
የጓዳውን ቁልፍ ነካሁት፥
ሁለቴ።