መስከረም አንድ የተወለዱ

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣
አንዲት ሱቅ አለችኝ፣ ጣራዋ በላስቲክ፣ በድንጋይ ተጋርዶ።
ስክሪን እቀይራለሁ፣ ካርድ እሸጣለሁ፣
ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ሰው እመዘግባለሁ።

መረቡ «ጎረቤቴ» ይባላል፤
በአንድ ነፍስ አስር ብር ከቦሌ ይላክልኛል፣
ከብሩ ጋር ሥዕል አለ፦ አረንጓዴ መስመር፣
ከግራ ተንፏቆ ወደ ቀኝ የሚሰግር።
«ምንዳዬ በርታ፣ እድገታችን ሰማይ ነክቷል!» ይላል ከሥሩ።
ለእኔ አቀበት ነው፤ ታክሲ የማይወጣው፣
ደረጃ ለደረጃ፣ በር ለበር፣ በእግሬ የምገፋው።

ስሞታው ግን ቦሌ አይሄድም፣
ከእኔ በር አልፎ ሌላ ቤት አያውቅም።

እትዬ ብርዛፍ ወረዱ ከአምስተኛ ፎቅ፣
ስልካቸውን እንደታመመ ጫጩት በነጠላ ጠቅልለው፤
«ይኸው ጉድህን! ሳልከፍተው ጥቅሌን ይበላል፣
ሳልጠራው ይጮኻል፣
የማላውቀው ሁሉ ‹መልካም ልደት› ይለኛል፤
የተወለድኩበትን ቀን እናቴም አልያዘችው!»
የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀኑን ለማያውቅ ሁሉ
መስከረም አንድ እላለሁ፤
ግማሹ ብሎክ በአንድ ጀንበር ተወልዷል።

ረውዳ ጸጉር ሠሪዋ፣ በስሟ ሌላ ሰው ገብቶባት፣
ፎቶዋን ለጥፎ ብር እየለመነባት፣
«አጥፋኝ» አለች፣ «በቃ፣ ከዚህ ነገር አውጣኝ!»
ፈለግኩ፣ ፈለግኩ።
መግቢያ እንጂ መውጫ አልሠሩለትም።

ጋሽ ደቻሳ ደግሞ፣ የብሎኩ ዘበኛ፣
የቆምንበት ሜዳ የጤፍ ማሳቸው የነበረ፣
«የትውልድ ቦታ ሲለኝ የመንደሬን ስም ጻፍኩ፣
‹እንዲህ ያለ ቦታ የለም› አለኝ» አሉ።
ዝም አልኩ።
ለዚህ የሚሆን መልስ ከቦሌ አልላኩልኝም።

ሐሙስ ለት ኔትወርክ ጠፋ፤ መብራቱም ተከተለው።
አስራ አንድ ሰው በሬ ላይ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሳ፣
ሁሉም የተመዘገበ፣ አንድም አስር ብር የማይወጣው።
ጋሽ ደቻሳ አግዳሚ አመጡ።
«እንዴ!» አለች ረውዳ፣ «ከራሴ በላይ
በሌሊት ሙቀጫ የሚወቅጡት እርስዎ ነዎት?»
«እኔ ነኝ ልጄ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው።»
ሁለት ዓመት በአንድ ደረጃ ወጥተው ወርደዋል።
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።
መስመሩ ያን ምሽት፣ ቦሌ ላይ፣
ወዴት እንደዞረ አልጠየቅሁም።

ዓርብ ጠዋት መረቡ መጣ፤ አንገት ሁሉ ተደፋ።
አንድ ሰው መዘገብኩ፣ አዲስ ተከራይ ነው፣
መስከረም አንድ የተወለደ።