ርክክብ

ይማም፣ ይህን ያዘው፣ በላስቲክ ያለውን፣
ናሁሠናይ ስሎ ትቶት የሄደውን።
የግቢው ንድፍ ነው፤
እርከኑ በቀይ መስመር፣ ሣሩ በአረንጓዴ፣
ዛፉም ክብ ክብ ነው፣ ሳይተከል ያደገ ባንዴ።
መልካም ወረቀት ነው፤ ሙያ አለው ልጁ፣
ልኩን አይስትም፣ ቀጥ ያለ ነው እጁ።

ግን ወር የለበትም።
ሐምሌ የለበትም፣ ኅዳር የለበትም፣
ጦሳ ጉም ቢለብስ ቅጠል አይረግፍበትም።
እኔ የማስረክብህ ያልተሳለውን ነው፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጉልበቴ የጻፈው።
እሱም ከደረጃው ተጣልቷል ዘንድሮ፤
ያንተ ይሞክረው፣ አልለመደም ሮሮ።

በመስከረም ጀምር።
ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ጠግቦ ያድራል፣
እንደ ፈረስ ጋማ በደረጃው ያልፋል።
ለማጨድ አትቸኩል፣ መጀመሪያ ይድረቅ፣
እርጥቡን ብትረግጠው ሥሩ ነው የሚታነቅ።
የማጨጃውን ገመድ ሦስቴ ሳብ፣ በአራተኛው ተወው፣
ኩርፍ ካለ ሞተሩ፣ ካንዴላውን ጥረገው።
ጥቅምት ንፋሱ ነው፤ ለጋ ለጋውን ደግፍ፣
ማሰሪያውን በጣትህ ሳትነካ አትለፍ።

ኅዳርን ልንገርህ።
ከበሩ በስተቀኝ ያቺ ዘንባባ አለች፣
ንድፉ ላይ «ቁጥር አራት» ተብላ የተጻፈች።
የቆላ ልጅ ናት፤ ደሴ ማን አመጣት?
ሁለት እኅቶቿን ውርጭ ነው የቀማት።
በሦስተኛው ዓመት፣ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ወይዘሮ ረውዳ ባትሪ ይዛ መጣች፣
የሟች ባሏን ቡልኮ ከሣጥን አወጣች፣
«ያዝልኝ» አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረች።
ለሁለት ጠቅልለን በሲባጎ አሰርናት፣
እንደ ታመመ ሰው ራሷን ከለልናት።
ሊነጋጋ ሲል፣ ለሱብሒ የሚሄድ
አንድ ሽማግሌ አያት ቆም ብሎ ከመንገድ፣
«አሰላሙ ዐለይኩም! በዚህ ብርድ ደግሞ?» አላት፤
ዝም ብትለው ጊዜ ተቀይሞ አለፋት።

ከዚያ ወዲህ፣ ይማም፣ ኅዳር ሲጋመስ
ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው ቡልኮዋን ማልበስ።
ጠዋት ግለጥላት፤ ጫፉ እንዳይተረተር
በወጉ እጠፈው፤ ሰው ነበረበት ከሥር።

ታኅሣሥ፣ ጥር ውሃ ነው።
ቧንቧው በሳምንቱ አንድ ቀን ይመጣል፣
እሱም እኩለ ሌሊት፤ የተኛ ሰው ያጣል።
ሣሩ ቢጫ ይሁን፤ አትዘን፣ ይተኛ፣
ሰው ጀሪካን ይዞ ሣር አናጠጣም እኛ።

የካቲት ሲገባ በልግ ሽታ ይልካል፣
ወሎ መሆናችንን ሰማይ ያስታውሳል።
ከመጣ ቆፍር፣ ፍጉን አብላላና፤
ካልመጣ ጠብቅ፤ ማን ያዘዋል ደመና?
ጽጌረዳውን ያኔ ግረዘው ሳትራራ፣
ዓይኑ ወደ ውጭ እያየ፣ በሰያፍ፣ በተራ።
እሾሁ ይወጋሃል፤ ይውጋህ፤ እሱም ደሞዝ ነው፣
ሌላውን በወሩ መጨረሻ ቆጥረህ ተቀበለው።

ግንቦት አጥሩን ከርክም፤ ገመድ ወጥረህ ውረድ፣
ዓይን ብቻውን ሲሆን ያዘነብላል የግድ።
ቅርፍራፊውን አትጣል፣ መዲና ትመጣለች፣
ለፍየሎቿ ነው፤ ፍግ ትመልሳለች።

ክረምት ሲቃረብ ግን እርከኑን ተመልከት።
ከጦሳ የሚወርድ ጎርፍ ንድፍ አያነብም፣
ቀይ መስመር ስላየ አይሰበሰብም።
ቦዩን በሰኔ ጥረግ፣ ድንጋዩን አጥብቅ፤
ያ ሦስተኛው፣ የጎበጠው፣ የኔ ነው፤ አትጠይቅ።

አምና በታኅሣሥ፣ በማለዳ፣ ልጁ መጣ ካሜራ አንግቶ፣
ቆመ ፊት ለፊቷ፣ ገና ያልተገለጠ ቡልኮዋን አይቶ።
ፎቶ አላነሣም።
ይህን ወረቀት ጠየቀኝ፤ ዘረጋው በጉልበቱ፣
ከአራት ቁጥር አጠገብ፣ በእርሳስ፣ በዚያች በደቃቅ ጽሕፈቱ፣
«ቡልኮ፣ ከኅዳር እስከ ጥር» ብሎ ጻፈበት።

ያውልህ፤ ተመልከተው፤ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል።
መቀሱ መጋዘን ነው፤ ቁልፉ ከምሰሶው ጀርባ ይሰቀላል።