የሰርገኛ ወለል

ሐምሌ ነው ቡሬ ላይ፤ ዝናቡ ከላዬ ቆርቆሮ ሲመታ፣
እኔ ከሥር ሆኜ ቆርቆሮ እመታለሁ ከጧት እስከ ማታ።
ማን ማንን እንዳጀበ እግዜር ይወቀው።

ከፊቴ ቆማለች፤
አፍንጫዋ ፊያት ነው፣ ወገቧ ቶዮታ፣ መሪዋ ካይሱዙ፣
ወንበሮቿ ደግሞ ከሞተ አውቶቡስ በኪሎ የተገዙ፤
ኮፈን አላበጀሁ፣ ሞተሯ ይታያል እስከነ አንጀቱ፤
እንደ ቅይጥ ጤፍ ነች፣ «ሰርገኛ» አላት ሰፈር አንድ ቀን በጧቱ።
ያስነሣኋት ለታ ከየደጁ ወጥተው ልጆች ሲንጫጩ፣
«ሰርገኛ መጣ! በርበሬ ቀንጥሱ!» እያሉ ጭቃውን በእግራቸው ሲረጩ።
በርበሬው ይቆየን።
ወለል የላትም ገና።

ልኩን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አስቀድሜ ቀደድኩ፣
እንደ ልብስ ሰፊ ትከሻና ወገብ በእርሳስ እየለካሁ።
ላሜራው ከባሕር ዳር፤ «አንድ ሚሊ ነው» ብሎ ማለ ነጋዴው፤
ስለካው ዜሮ ሰባት። አይ መሐላ!
የጎደለኝን ጠርዝ ከዘይት በርሜል ሰንጥቄ አወጣሁ፣
ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ቦይ ፈልፍዬ
ብረቱን በቦዩ አስተኝቼ በመዶሻ ትልም አረስኩበት።
ትልም የሌለው ላሜራ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤
የታረሰው ዝም ብሎ ይሸከማል።

በያጁ ምንይችል «አትቸኩል» ይለኛል፤ «ነጥብ ነጥብ አድርገው፤
አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ፤ መኻል ላይ ይቀዝቅዝ፣ ትንሽ ትንፋሽ ስጠው።
ባንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ የበየድከው ብረት
እንደ ተቆጣ ዘመድ ይጠማዘዝብሃል።»

ከዚያ መብራት ጠፋ፣ እንደ ልማዱ።
ሻማ ለኩሰን አሮጌውን ወለል መፈንቀል ያዝን።

አፍንጫዋና የፊት ወለሏ ያባቴ ፊያት ነው፤
ከቡሬ ጥሊሊ ጨው ሲያመላልስበት፣ ጨው ወለሉን በላው።
እኔ ልጅ ነበርኩ፤ እግሬን ከቀዳዳው ወዲያና ወዲህ አንፈራጥጬ
ድንጋዩን፣ እበቱን፣ የፈሰሰ በቆሎ
ከሥሬ ሲሮጥ አይ ነበር።
ፈጠም ድልድይ ስንደርስ መሬቱ ድንገት ውኃ ይሆናል፤
ሆዴ ባር ባር ይላል።
ወለል የሌለው መኪና
መንገዱን ወለል አድርጎ ያሳያል።

በኋላ አባቴ ቀዳዳውን ደፈነው።
በምን እንደ ደፈነው የጠየቀ የለም።

ከሬንጁ ሥር ነው ያገኘሁት፤ በካቻቢቴ ፈለቀቅሁት።
ክብ ነገር። በእጅጌዬ ጠረግሁት፤
አንዲት ፒኮክ ብቅ አለች፣ ግማሽ ጅራቷን ዝገት የበላው።

እናቴ ጃንጥላዋን አጥፋ ገባች፤ ምሳ ይዛልን ነበር።
አየችው። ምሳውን መሬት አስቀመጠች።
«ይሄን ትሪ እኮ ፈንታነሽ ወሰደችው ብዬ
ሃያ ስድስት ዓመት አላናገርኳትም።
ልጇን ስትድር ድንኳኗን አልረገጥኩ፤
ባሏ ሲሞት ከአጥር ማዶ ነው ያለቀስኩ።»

አባቴን በዓይኗ ፈለገችው፤
እሱ ከሞተ ስድስት ዓመቱ።
ጨዋ ሰው ነበር ይሉታል፣ በለቅሶውም ብለዋል።
እኔ የማውቀው ጨው ነው፤
ድምፅ ሳያሰማ ይበላል።

ምንይችል ቀና አላለም፤ በሻማው ብርሃን ኤሌክትሮድ ይቆጥራል።
እሷ ትሪውን በነጠላዋ ጠቀለለችና
ጃንጥላዋን ጥላ ዝናቡ ውስጥ ገባች።
የፈንታነሽ ቤት ከወፍጮው ማዶ፣ ሁለተኛው በር ነው።
ሲንኳኳ ሰማሁ።
ሲከፈት አልሰማሁም፤ ዝናቡ በርትቶ ነበር።

መብራቱ መጣ።
ወለሉን ገጠምነው፣ ነጥብ በነጥብ አድርገን፣ አንድ እዚህ አንድ እዚያ፤
አንዲት ቀዳዳ ግን ተውኩ በቀኝ በኩል፣ ከልጅ እግር ማረፊያ፣
የሃምሳ ሳንቲም ታህል።
«ይቺስ?» አለ ምንይችል።
«ውኃ መውጫ» አልኩት።
ውታፍ አላበጀሁላትም።