ይዞራል፣ አይነሳም

ገና ጋራዡን ሳልከፍት፣ ጤዛው ከቆርቆሮው ሳይወርድ፣
አዘዞ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከመታጠፊያው መንገድ፣
የቆላድባው ባየልኝ ፒካፑን አስገፍቶ መጣ፤
ነጭ ሽንኩርት ጭኗል፣ ሽታው ከሸራው አልፎ የሚወጣ።

«ይዞራል» አለኝ፣ «አይነሳም። ማታ ስገባ ደህና ነበር።»
ቁልፉን ተቀብዬ ሞከርኩት፤ ግርር... ግርር... ግርር።

ሰው ተሰበሰበ፤ ምክር እዚህ ሰፈር አይታጣም፦
«ባትሪው ነው!» «ሞተሪኖው ነው!» «ግፉት፣ አለዚያ አይመጣም!»
ባትሪው ምን በደለ? ቢሞትማ መቼ ባዞረ፤
ሞተሪኖው ምን አጠፋ? የታዘዘውን ሲሠራ አደረ።

ኮፈኑን ከፈትኩ።
ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረኝ ይህችን ናት፦
አየር፣ ነዳጅ፣ እሳት፤
አንዱ የጎደለ ቀን ብረት እንጂ መኪና አይባልም።
ስለዚህ አልቸኩልም።

ፊውዞቹን በተራ አየሁ፣ አንዱም አልተቃጠለም፤
ማጣሪያውን አራገፍኩ፤ የደንቢያ አቧራ ነው፣ ብቻውን አይገድልም።
ካንዴላ ፈትቼ ከብረቱ አስጠጋሁና «አዙር!» አልኩት፤
ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለች። እሳቱ አለ፤ ተውኩት።
ከመኪናው ሥር ገብቼ ጆሮዬን ታንከሩ ላይ ለጠፍኩ፣
«ቁልፉን ብቻ ክፈት፣ እንዳታስነሳ» ብዬ ጮህኩ፤
ፖምፓው እዝዝ አለ፣ እንደ ንብ፣ ከዚያ ዝም።
እሱም ደህና ነው፤ አልታመም።

እሳት አለ። አየር አለ። ነዳጁም ይገፋል።
ታዲያ ምኑ ይጠፋል?

ካንዴላዋን ደግሜ አነሳኋት። እርጥብ ናት።
በጣቴ ዳበስኳት፣ አሸተትኳት፤
ቤንዚንስ ነው፤ ግን ሳስቷል፣ እንደ ሦስተኛ ጠላ።
ቱቦውን ነቅዬ ቀዳሁ በጠርሙስ፣ እስኪሞላ፣
ፀሐይ ፊት አቆምኩት፣ እስኪረጋ ጠበቅሁት፤
ቢጫው ከላይ፣ ነጩ ከሥር፣ መሐላቸው ቀጭን መስመር፣
እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች ድንበር።
ከሥሩ መሬት ላይ አፍስሼ ክብሪት ጫርኩበት፤
ጭስስ አለች፣ ሞተችበት።

«ውሃ ነው» አልኩት። «ገንዘብህን ውሃ በላው።
ከየት ነው የቀዳኸው?»

«የማደያው ሰልፍ እስከ ሳሙና በር ደርሶ፣ መሽቶብኝ፣
ከደማዛ ድልድይ ጥግ በሃይላንድ ገዛሁ፣ አንድ ልጅ ሸጠልኝ።
ቀይ ኮፍያ፤ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ።
'አባቴ መካኒክ ነው' አለኝ፣ 'የኔ ቤንዚን ማንን አስለቀሰ?'»

ቁልፍ አስራ ሁለትን ፈለግኩ።
ከመሣሪያው ሳጥን፣ ከጎማው ሥር፣ ከኪሴ ፈለግኩ።
ባየልኝ «በእጅህ ይዘኸዋል» አለኝ።

ታንከሩን አራገፍኩ፤ ቱቦውን ነፋሁ፤ ካንዴላዎቹን አደረቅሁ፤
ለጄኔሬተሬ ካስቀመጥኩት አምስት ሊትር ቀዳሁ።
ሁለቴ ዞረ፣ አነጠሰ፣ ተነሳ።
«ስንት ነው?» አለኝ ባየልኝ፣ እጁን ወደ ኪሱ እያነሳ።
«ሽንኩርትህ ሳይበላሽ ሂድ።»
«ኧረ ስንት ነው?»
«ሂድ አልኩህ!»
ተቆጣ መሰለው።

ማታ ስገባ ዳኛው ተኝቷል፣ ኮፍያው ከሚስማሩ ላይ፤
ከአልጋው ሥር ባዶ ሃይላንዶች፣ ከነሱም ጎን ለጎን ሲታይ
ሰኞ የጠፋብኝ ጀሪካን፣ በቀለም ስሜን የጻፍኩበት።
የሞላው ከኔው ቧንቧ ነው፣ እጄን ከምታጠብበት።

እናቱ በሩ ላይ ቆማ «ምን ላድርገው?» ትላለች፣
«ቀን ሲዞር ይውላል፣ ጠዋት አይነሳም» ትላለች።
አልመለስኩላትም።
ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ፤ ትንፋሹን አዳመጥኩ።
አልቸኩልም።